ቴስቱ ሲወድቅ የት እንይ? አውቶሜትድ ቴስቶችን የምንመድብባቸው መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጠዋት ቢሮ ገባችሁ። ቡናችሁን ሳትጨርሱ ሲአይውን ከፈታችሁ፤ ኮድ በተቀየረ ቁጥር ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በራሱ የሚያስኬደውን ሲስተም። 57 ቴስት ወድቋል። ትናንት ማታ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ አልፎ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቀይ ነው።

57 ችግር አለ ማለት ነው? አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ዳታቤዙ አልተነሳ ይሆናል። አንዱ የሥራ ባልደረባችሁ የአንድ ፊልድ ስም ቀይሮ ይሆናል። የክፍያ ድርጅቱ የሙከራ ሰርቨር ተዘግቶ ይሆናል። ግን 57 ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ሲመጣ ሥሩ አይታይም። አንዱን ትከፍታላችሁ፣ ረጅም የስህተት ጽሑፍ ታነባላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ሌላውን ትከፍታላችሁ። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልፋል።

ይህን የምጽፈው ያ ግማሽ ቀን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ብዙ ቡድን ቴስት መመደብን የሚያየው እንደ ቤት ማጽዳት ነው፤ ፎልደሩ እንዲያምር። እኔ የምጠብቅበት ሌላ ነው። ጥሩ ምድብ ቴስቱ ሲወድቅ ሁለት ነገር ይነግረኛል፦ የት ልይ፣ ማንን ልቀስቅስ። ከታች ያሉትን መንገዶች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ሰው የመብራትና የውሃ ሂሳቡን በስልክ የሚከፍልበት አፕ እንያዝ። ደንበኛው ይገባል፣ ሂሳቡን ያያል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኙ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል። ደረሰኙ በአማርኛ ነው፤ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው።

በፎልደር፦ ኮዱን ተከትሎ መመደብ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። የክፍያ ኮድ አንድ ፎልደር ውስጥ ካለ የክፍያ ቴስቶችም በዚያው ስም ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ምንም መማር አይጠይቅም። አዲስ ሰው በገባ ቀን ይገባዋል። የጃቫው የቴስት መሣሪያ ጄዩኒትም ሆነ የፓይተኑ ፓይቴስት ያለ ምንም ቅንብር አንድ ፎልደር ብቻ ለይተው ያስኬዱላችኋል።

«ማንን ልቀስቅስ» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የሚሻል የለም። የደረሰኝ ፎልደር ከቀላ ደረሰኝ የሚሠራው ልጅ ይነሳል። «የት ልይ» ለሚለው ግን መልሱ ግማሽ ነው። ዳታቤዙ ሲወድቅ የክፍያውም፣ የደረሰኙም፣ የደንበኛውም ፎልደር እኩል ይቀላል። ሦስት ሰው ይነሳል። ሦስቱም ያው አንድ ስህተት ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ሄዷል።

ትንሽ ፕሮጀክት ከሆነ ግን ይሄ ብቻውን ይበቃል። ከመቶ የማይበልጡ ቴስቶች ካሏችሁ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ መሥራት አያስፈልጋችሁም።

በመጠን፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ

ማይክ ኮን በ2009 ያስተዋወቀውን የቴስት ፒራሚድ ያልሰማ ዴቨሎፐር ጥቂት ነው፤ ከታች ብዙ ዩኒት ቴስት (አንድ ትንሽ የኮድ ቁራጭ ብቻ የሚፈትሽ)፣ ከላይ ጥቂት የስክሪን ቴስት። ችግሩ «ዩኒት» እና «ኢንተግሬሽን» (ክፍሎች አብረው መሥራታቸውን የሚፈትሽ) የሚሉት ቃላት በየቢሮው ትርጉማቸው ይለያያል። አንዱ ዩኒት ያለውን ሌላው ኢንተግሬሽን ይለዋል። ስብሰባው ሁሉ በዚህ ክርክር ያልቃል።

ጉግል የመረጠው መንገድ ይህን ክርክር ይቆርጠዋል። ቴስቱ ምን እንደሚባል ሳይሆን ምን እንደሚነካ ነው የሚጠየቀው። ትንሽ ቴስት በአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በአንድ እየሮጠ ባለ ፕሮግራም፣ ውስጥ ይሮጣል፤ ኔትወርክ አይነካም፣ ተኝቶ አይጠብቅም። መካከለኛው አንድ ማሽን ላይ ይቀራል፤ እዚያው ማሽን ላይ ካለ ዳታቤዝ ጋር መነጋገር ይችላል። ትልቁ ከማሽኑ ይወጣል። ቤዝል የተባለው የጉግል ቢልድ መሣሪያ ለእያንዳንዱ መጠን የጊዜ ገደብ አስቀምጧል፦ ለትንሹ 60 ሰከንድ፣ ለመካከለኛው 300፣ ለትልቁ 900።

ውድቀትን ለመመርመር ይሄ የሚጠቅመው ቅደም ተከተል ስለሚሰጥ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ደንበኛው በስም ሲፈለግ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውም «ሀይሉ» ብሎ የጻፈውም አንድ ሰው ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀን (ሃ፣ ሓ እና ኃንም ጨምሮ)፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን አለን። እሱን የሚፈትሽ ትንሽ ቴስት አለ። ደንበኛ ፈልጎ ሂሳብ የሚከፍል ትልቅ ቴስትም አለ። ሁለቱም ከቀሉ ትልቁን ለጊዜው አትክፈቱት። ትንሹ መስመሩን ያሳያችኋል። ትንሹ አረንጓዴ ሆኖ ትልቁ ብቻ ከቀላ ደግሞ ፈንክሽኑ ደህና ነው፤ ችግሩ በመሃል ነው። ዳታቤዙን የሚጠይቀው ኩየሪ ፈንክሽኑን መጥራት ረስቶ ይሆናል።

ሲአይው ላይም ትንንሾቹን መጀመሪያ አስኪዱ። እነሱ ከወደቁ ትልልቆቹን መጀመር ለምን? ማሽኑም ይደክማል፣ ቀዩ ዝርዝርም በከንቱ ይረዝማል።

በታግ፦ በደንበኛው ሥራ መመደብ

ፓይቴስት ላይ ማርክ፣ ጄዩኒት 5 ላይ ታግ፣ ሌላው የጃቫ መሣሪያ ቴስትኤንጂ ላይ ግሩፕ ይባላል። ነገሩ ያው ነው። ቴስቱ ላይ ስም ትለጥፋላችሁ፣ በዚያ ስም ትጠራላችሁ። «ክፍያ»፣ «ምዝገባ»፣ «ደረሰኝ» እያሉ በደንበኛው ሥራ መመደብ ለአለቆችና ለምርት ኃላፊዎች ደስ ይላል። «ክፍያው ይሠራል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ አላችሁ።

ለምርመራ ግን ብዙ አይረዳም። ከፎልደሩ የተለየ ወሬ አይነግርም። በዚያ ላይ ታግ ይበዛል። ማንም እንደፈለገ ይለጥፋል፣ ማንም አያነሳም። ይህን ከመረጣችሁ ፓይቴስት ላይ «ስትሪክት ማርከርስ» የሚባለውን አማራጭ አብሩት። ካልበራ አንድ ሰው የማርኩን ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት ማስጠንቀቂያ ብቻ ወጥቶ ያልፋል፤ ቴስቱም በዚያ ምድብ ሲጠሩት ሳይሮጥ ይቀራል። ሲበራ ግን ያልተመዘገበ ስም ሁሉ ስህተት ይሆናል።

በተደገፉበት፦ እኔ የምመርጠው

ቴስቱ ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን በምን ላይ እንደተደገፈ መጠየቅ። ዳታቤዝ ይፈልጋል? የውጭ የክፍያ ሰርቨር ይነካል? አጭር መልእክት ይልካል? ሰዓት ያያል? ለእያንዳንዱ አንድ ማርክ። እኔ ከአምስት ወይም ከስድስት አላሳልፍም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት እንመለስ። 57 ቴስት ወድቋል። ሪፖርቱ በፎልደር ሲታይ አራት ቦታ የተበተነ ነው። በተደገፉበት ሲታይ ግን 57ቱም «የክፍያ ሰርቨር» የሚል ማርክ አላቸው። ያ ማርክ የሌለው አንድም ቴስት አልወደቀም። አንድም የስህተት ጽሑፍ ሳታነቡ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ኮዳችሁን ተዉት፤ የሙከራ ሰርቨሩ መነሳቱን እዩ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የሰዓት ማርክ ነው። አንድ የሠራሁበት ቡድን ውስጥ የደረሰኝ ቀን የሚፈትሽ ቴስት ነበረን። አልፎ አልፎ ይወድቃል። እንደገና ስናስኬደው ያልፋል። ሁላችንም «እሱ ነገር ፍሌኪ ነው»፣ ኮዱ ሳይቀየር አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል፣ ብለን ለመድነው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ቴስቶቹን በተደገፉበት ስንመድብ ይሄ ቴስት «ሰዓት» የሚል ማርክ አገኘ። ያኔ ነው የወደቀባቸውን ሰዓቶች መደርደር የታሰበን። ሁሉም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ ነበሩ። አንድም ከዚያ ውጭ የለም።

ምክንያቱ ወዲያው ወጣ። ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲቀየር ሰርቨሩ ጋ ገና ትናንት ነው። ያ ልዩነት ሦስት ሰዓት ይቆያል። ቴስቱ የአዲስ አበባን ቀን ይጠብቃል፣ ኮዱ የሰርቨሩን ቀን ያትማል። ፍሌኪ አልነበረም። በዚያ ሰዓት የከፈለ ደንበኛ በትናንት ቀን የተጻፈ ደረሰኝ ይደርሰው ነበር። ቴስቱ ወራት ሙሉ እውነቱን ሲነግረን እኛ እንደገና እያስኬድን ዝም እናሰኘው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

የኢትዮጵያን ካሌንደር የሚነካ ኮድ ካላችሁ «ሰዓት» የሚለው ማርክ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ጳጉሜን አንዴ 5 ትሆናለች፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። በ2015 6 ነበረች፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው፣ እንደተለመደው 11 ላይ አይደለም። ቀጣዩ 2019 ነው። ቴስታችሁ «ዛሬን» ከማሽኑ የሚወስድ ከሆነ ጳጉሜን 6ን የረሳ ኮድ ስህተቱ ያ ቀን እስኪመጣ ተደብቆ ይቀመጣል። ማርኩ ያላቸውን ቴስቶች ሰብስባችሁ ሰዓቱን ከውጭ የምትሰጧቸው አድርጋችሁ ቀይሯቸው። ያኔ ጳጉሜን 6ን በፈለጋችሁ ቀን መሞከር ትችላላችሁ።

የዚህ መንገድ ችግር አንድ ነው። ማርኩን የሚለጥፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። መፍትሔው ማርኩን ከፊክስቸሩ፣ ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገውን ከሚያዘጋጀው ኮድ፣ ጋር ማሰር ነው። የዳታቤዝ ፊክስቸር የጠየቀ ቴስት ሁሉ የዳታቤዝ ማርክ በራሱ ያገኛል። ፓይቴስት ቴስቶቹን ሰብስቦ እንደጨረሰ ይህን የሚያደርግ ጥቂት መስመር ኮድ ኮንፍቴስት በሚባለው፣ ቴስቶቹ ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት ፋይል ውስጥ መጻፍ ይቻላል። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ስለ ማርክ ማንም አያስብም።

ቴስትን በቴስት ላይ ማሰር

ቴስትኤንጂ አንዱን ግሩፕ በሌላው ላይ ማስተሳሰር ይፈቅዳል። የመግቢያው ግሩፕ ከወደቀ በእሱ ላይ የታሰሩት አይሮጡም፤ «ስኪፕ» ተብለው ይመዘገባሉ። ለዓይን እንዴት ደስ ይላል! አንድ ቀይ፣ 56 ግራጫ። ሥሩ ራሱን ያሳያል።

ግን ዋጋ አለው። ቴስቶቹ ቅደም ተከተል ይለምዳሉ። የመጀመሪያው የፈጠረውን ደንበኛ ሁለተኛው መጠቀም ይጀምራል። ከዚያ አንዱን ነጥሎ ማስኬድ አይቻልም፤ አንድን ቴስት ነጥሎ ማስኬድ ደግሞ የምርመራ ግማሹ ነው። ስለዚህ ይህን የምመክረው ለትልልቆቹ የስክሪን ቴስቶች ብቻ ነው።

ፓይቴስት ላይ ተመሳሳይ ጥቅም ያለ እስር ይገኛል። ፓይቴስት ቴስቱ ውስጥ የተፈጠረውን ውድቀት «ፌይልድ» ይለዋል። ቴስቱ ሳይጀምር በፊክስቸሩ ዝግጅት ላይ የተፈጠረውን ግን «ኤረር» ይለዋል። ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ አያይም። እባካችሁ እዩት። 57 ኤረር፣ ዜሮ ፌይልድ ካለ ብዙ ጊዜ ከ57ቱ አንዱም አልተጀመረም። የቴስቶቹን ኮድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ዝግጅቱን እዩ። ስለዚህ ዳታቤዝ መክፈትን፣ ደንበኛ መመዝገብን፣ መግባትን ሁሉ ከቴስቱ አውጥታችሁ ፊክስቸር ውስጥ አድርጉት። ምድቡ በነጻ ይመጣል።

ለይቶ ማቆያ

አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁትን ለብቻ ማግለል ነው። ጉግል በ2016 እንደገለጸው ከቴስት ሩጫዎቹ 1.5 በመቶ ያህሉ ፍሌኪ ውጤት ይሰጡ ነበር፤ ከቴስቶቹ ደግሞ 16 በመቶ ገደማው የተወሰነ ፍሌኪነት ነበረባቸው። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከተቀየሩት ውጤቶች 84 በመቶው ውስጥ ፍሌኪ ቴስት ነበረበት። እንዲህ ሲሆን ሰው ቀይ ማመን ያቆማል። ማግለሉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የቀሩት ቴስቶች ሲቀሉ ሰው እንዲደነግጥ።

ግን የደረሰኙን ታሪክ አስታውሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለይቶ ማቆያ የገባ ቴስት ሁሉ የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀን እና የአንድ ሰው ስም ይኑረው። ቀኑ ካለፈ ወይ ይታከም ወይ ይሰረዝ። እዚያ ውስጥ ሆኖም መሮጡን አያቁም። ውጤቱ ይመዝገብ፤ የወደቀበት ሰዓትም።

ምክንያቱን ስትፈልጉ ከየት እንደምትጀምሩ አንድ ጥናት ይጠቁማል። አፓቼ በተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ድርጅት ፕሮጀክቶች ውስጥ የተጠገኑ ፍሌኪ ቴስቶችን የመረመረ የ2014 ጥናት ምክንያታቸው ከተለየው ውስጥ 45 በመቶው መልስ ሳይመጣ በመቸኮል፣ 20 በመቶው በትይዩ ሥራዎች መጋጨት፣ 12 በመቶው በቴስቶች ቅደም ተከተል እንደመጣ አሳይቷል። ቅደም ተከተሉን መፈተሽ ቀላል ነው፤ ቴስቱን ብቻውን አስኪዱት፣ ከዚያ ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ እየቀያየራችሁ ሁሉንም አስኪዱ። ለመጀመሪያው ምክንያት ደግሞ ኮዱ ውስጥ «ስሊፕ» የሚል፣ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብለህ ጠብቅ የሚል ትዕዛዝ፣ ፈልጉ።

ከወደቁ በኋላ ማቧደን

እስካሁን ያልነው ሁሉ አስቀድሞ መመደብ ነው። ሺህ ቴስት ያለው፣ ማርክ የሌለው አሮጌ ፕሮጀክት ከወረሳችሁስ? ያኔ በስህተቱ መልክ ማቧደን ያዋጣል።

የቴስት መሣሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ውጤታቸውን ጄዩኒት ኤክስኤምኤል በሚባል የፋይል ቅርጽ ማውጣት ይችላሉ። ውስጡ የእያንዳንዱ ቴስት ስም፣ የወሰደው ጊዜ እና ከወደቀ የስህተቱ መልእክት አለ። አጭር ስክሪፕት ጻፉ። የስህተቱን ዓይነት ይውሰድ። ከመልእክቱ ውስጥ ቁጥሮችን፣ ቀኖችንና የመለያ ኮዶችን በአንድ ምልክት ይተካ። ከስህተት ጽሑፉ ደግሞ የእናንተ ኮድ የሆነውን የመጨረሻ መስመር ይያዝ፤ የላይብረሪ መስመሮችን ይዝለል። እነዚህ ሦስቱ የተመሳሰሉላቸውን አንድ ላይ ያድርግ፣ ይቁጠር፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ይደርድር።

ለምሳሌ «ደንበኛ 48213 አልተገኘም» እና «ደንበኛ 90077 አልተገኘም» ለዓይን ሁለት ስህተት ናቸው። ቁጥሩ ሲወጣ አንድ ይሆናሉ። 57ቱ መስመር ወደ ሦስት ቡድን ሲወርድ ታያላችሁ፤ 52፣ 4፣ 1። ከ52ቱ አንዱን ብቻ ክፈቱ። ያችን ነጠላ ግን አትርሷት። ትልቁ ቡድን ብዙ ጊዜ የሰርቨር ጉዳይ ነው፤ እውነተኛው ባግ ከጥቂቶቹ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ይሄ መንገድ ሁለት ቦታ ይሳሳታል። «ጊዜ አለፈ» የሚል ስህተት በጣም የተለያዩ ምክንያቶችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። በተቃራኒው ዳታቤዙ በሩጫው መሃል ሲወድቅ አንዱ ቴስት «መገናኘት አልተቻለም» ይላል፣ ሌላው ባዶ ውጤት አገኘሁ ይላል፤ ምንጫቸው አንድ ሆኖ ሁለት ቡድን ይሆናሉ። ማርክ ካላችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ስህተቱ ተለያይቶ ማርኩ አንድ ከሆነ ማርኩን ተከተሉ።

ታዲያ የትኛውን?

ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፎልደር ይበቃችኋል፤ ዝግጅቱን ፊክስቸር ውስጥ ማድረግን ብቻ ጨምሩበት። ከአራት አምስት ሰው በላይ ከሆናችሁና የውጭ ሰርቨር የምትነኩ ከሆነ ፎልደሩን ለባለቤትነት ተዉት፣ ማርኩን ለተደገፉበት አድርጉት። ሁለቱ አይጣሉም። የአንዱን ሥራ ለሌላው አትስጡ ብቻ። ሲአይውን በመጠን ከፋፍሉት። የደንበኛ ሥራ ታግ የምጨምረው አለቃ ከጠየቀ ነው። አሮጌ ፕሮጀክት የወረሰ ደግሞ ከስክሪፕቱ ይጀምር፤ ምን ማርክ እንደሚያስፈልገው ቡድኖቹ ራሳቸው ይነግሩታል።

ለሲአይ የምትጠቀሙት ጊትሃብ አክሽንስ ከሆነና ቴስቶቹን በማትሪክስ፣ ማለትም ወደ ብዙ ትይዩ ሥራዎች፣ ከፋፍላችሁ የምታስኬዱ ከሆነ አንድ ነገር ዛሬውኑ እዩ። «ፌይል ፋስት» የሚባለው ቅንብር ካልነካችሁት በስተቀር ክፍት ነው። አንዱ ሥራ እንደወደቀ ገና እየሮጡ ያሉትንም ተራ የሚጠብቁትንም ይሰርዛቸዋል። ያኔ የትኛው ምድብ እንደሚያልፍ የትኛው እንደሚወድቅ አታዩም፤ የምርመራው መረጃ ደግሞ ያ ልዩነት ነው። ዝጉት። ነገ ጠዋት ቀይ ሲመጣ ሙሉውን ታያላችሁ።